በሬው የሄደበት ክረምት

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ዘግይቶ ወጣ። የሰርግ አዳራሹ ጣሪያ አፈሰሰና አባቴ የሚጫወትበት ባንድ ሥራ ፈታ። ሰርግ የሚደግስ ሰው ጠፋ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በጭቃ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ስለሌለ የሚመጣላት የተቀደደ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ወተት ቀረ። ቀጥሎ ስኳር ቀረ። ከሰሉ ረጥቦ ጭስ እንጂ እሳት አልሰጥ አለ። አባቴ ጢሙን መላጨት ተወ። እኔ ጥርሴን የምለውጥበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ስለ ክረምቱ የማውቀው ይኼው ነው።

አባቴ ጊታር ተጫዋች ነበር። እኔ ግን ለጊታሩ ደንታ አልነበረኝም። የኔ ፍቅር አምፕሊፋየሩ ነበር። ጥቁር ነው፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ማዕዘኖቹ በብረት ተለብጠዋል፤ ከጎማዎቹ አንዱ ወልቆ በእንጨት ተተክቷል። በሬው ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ሲበራ በረጅሙ ያጉረመርማል። አባቴ ክሩን ሲነካው የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ የጎረቤት ውሻ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ በሬው ላይ እቀመጣለሁ። ድምፁ በመቀመጫዬ ገብቶ በጥርሴ ይወጣል። የፊት ጥርሴን የነቀለው እሱ ነው። እናቴ በክር አስሬ የነቀልኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ ከግማሽ በላይ ሥራውን እሱ ጨርሶላት ነበር።

አንድ ቀን የባንዱ መሪ ቤታችን መጣ። ጥሩምባ ነፊ ነው። ጉንጩ ሳይነፋም የተነፋ ይመስላል። ካፖርቱን ሳያወልቅ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከስፌት መኪናው ሥር ሆኜ ባዶ የክር እንጨቶች እደረድር ነበር።

«ወንድሜ፣» አለው አባቴን፣ «በግልጽ ልንገርህ። ጊታርህ ጆሮ ይበሳል።»

እኔ ከታች ደስ አለኝ። ጆሮ መብሳት ቀላል ነገር ነው እንዴ? የጎረቤታችን ልጅ የተበሳች ቀን መርፌ፣ በረዶና ሁለት አክስቶች አስፈልገዋል። አባቴ መድረክ ላይ ቆሞ በሩቁ ነው የሚበሳው።

«ባለፈው ሰርግ የሙሽራው እናት ጥጥ ጠየቀች፤» አለ መሪው። «ጥጥ! በልጇ ሰርግ! በጭፈራው መሃል ሰዉ ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ድሮ እንዲህ አልነበርክም። ምን ነካህ?»

«አስተካክለዋለሁ፤» አለ አባቴ።

«ጣሪያው ሲጠገን መጥተህ ትጫወታለህ፤ እሰማሃለሁ። ካልተስተካከለ ግን እንዳትቀየመኝ። የእህቴ ልጅ ጊታር ጀምሯል።»

«ምን?» አለ አባቴ።

«የእህቴ ልጅ!»

«ምን?»

መሪው ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ። እኔ ኮራሁ። አባቴ ዓይኑን ሳያርገበግብ ደጋግሞ «ምን?» ሲል፣ «እስቲ አፍ አለኝ ብለህ ድገመው» ማለቱ መስሎኝ ነበር። ሰውየውን የሸኘችው እናቴ ናት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ መጣ። ነጎድጓድ ለፋፊ ነው። የእጅ ጋሪ እየገፋ፣ ከየሱቁ መብራት እየለመነ፣ የጠፋ ልጅ፣ የረከሰ ጨርቅ፣ የሚሸጥ ቤት፣ አዲስ የተከፈተ ፀጉር ቤት ለሕዝብ ያውጃል። ማይክሮፎን ሳይዝም የያዘ ይመስላል። «እንዴት አደራችሁ» ሲል የሚሸጥ ነገር ያለ መስሎት የሚቆም ሰው አለ።

ጋሪው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ሳጥን ነበር። ከጉዞ ሻንጣ አይበልጥም። ቡናማ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁ ላይ ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። እሱም አምፕሊፋየር ነው ሲሉ ሰማሁና አዘንኩለት። ነጎድጓድ በሬውን ዞሮ ዞሮ አየውና ከብት እንደሚገዛ ሰው ጎኑን መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ይጮሃል?»

«ከሚገባው በላይ፤» አለች እናቴ።

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው! ያጎቴ ሳጥን ጨዋ ነው። ‹ልጅ ጠፋ!› ስልበት እሹሩሩ ያደርገዋል። በጨዋነት የኖረ ለፋፊ አለ እንዴ?»

«ሲጀመር ለጊታር ነው የተሠራው፤» አለ አባቴ። ሳጥኑ ላይ አጎንብሶ፣ እንጨቱን በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር።

«አውቃለሁ፤ አጎቴ እድሜውን ሙሉ ተጫውቶበታል። ስለዚህ ልብ አርግ፣ እኩል አይደለንም። ያንተ ጉልበት አለው፤ የኔ ዘር አለው። እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም። ትጨምርልኛለህ።»

«ምን ልጨምርልህ? ቤቱን እያየኸው ነው።»

ነጎድጓድ ቤቱን አየ። አልጋውን አየ፤ የስፌት መኪናውን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ላይ ትንሽ ቆየ። ወደ እናቴ ቀሚስ ተጠጋሁ።

«ሰርጌን ትጫወትልኛለህ፤» አለ በመጨረሻ። «በዚሁ ሳጥን። ከመግቢያ እስከ መውጫ። በነፃ።»

«መቼ ነው ሰርግህ?»

«ሙሽራ ስትገኝ።»

እናቴ ሳቀች። ክረምት ከገባ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ሁለቱ ሰዎች ተጨባበጡ። ሳጥኑ ቤት ገባ፤ በሬው በለውጡ ጋሪው ላይ ወጣ፤ የእንጨት እግሩን ወደ ሰማይ እንደሰቀለ በጭቃው መሃል ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ባለ በሌለ ጉልበቴ አለቀስኩ። አባቴ ዞር ብሎም አላየኝ። በግራው በኩል ነበር የቆምኩት። በየትኛው በኩል ቢያለቅሱ ለውጥ እንዳለው ያን ጊዜ አላውቅም።

ሳጥኑ ሰነፍ ነበር። በሬው ገና ሲነካ ያጉረመርማል፤ ይኼኛው ዝም ይላል። ከጀርባው ትንንሽ ብርጭቆዎች አሉት፤ እነሱ እንደ ፍም ቀስ ብለው ይቀላሉ። ካልሞቀ አይናገርም።

«ጠብቀው፤» ይለኛል አባቴ። «ትልቅ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።»

ተናገረም ቢባል ድምፁ መስታወት አይነካም፤ ውሻ አያስበረግግም። ብቀመጥበት ቂጤን ከማሞቅ ሌላ የፈየደልኝ የለም።

የባሰው ግን አባቴ ነው። ወንበር ይስብና ጉልበቱን ሳጥኑ ላይ ያስደግፋል። አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ይለጥፍበታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ክር ይመታል፤ ድምፁ እስኪያልቅ አይነቃነቅም። ትልቅ ሰው ሳጥን ሲያቅፍ ማየት ያሳፍራል። ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃውን እጋርድለት ነበር።

ከዚያ እናቴ ገባችበት። እናቴ ስለ ሙዚቃ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም። አሁን ግን ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ በየድምፁ አቃቂር ታወጣ ጀመር።

«ናይለን ነው።»

አባቴ አንዱን ማዞሪያ ይነካል፤ መልሶ ይመታል።

«አሁንም ናይለን ነው። ያብለጨልጫል፤ ገላ ይቆርጣል።»

ይነካል፤ ይመታል።

«አሁን ደግሞ ጆንያ አደረግኸው።»

«ምኑ ነው ጆንያ?»

«ሻከረ። ካኪ እንኳ አልሆነም።»

«ይሄስ?»

«እሱ ካኪ ነው።»

«እስቲ ይሄ?»

«አቡጀዲ። ሳስቷል፤ ገበር ይፈልጋል።»

ጠዋት ይህ ነው፤ ከሰዓት ይህ ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ያዞራል። ሴትየዋ የሰውየውን ጊታር ሱሪ አድርጋ ልትሰፋው ደረሰች፤ እሱ ቃል አይመልስም። በዚህ ላይ ትጮህበታለች። «ውሃ አቀብለኝ!» ትለዋለች፤ አይነሳም። ድምጿን ጨምራ ትደግማለች፤ ወይ ትመጣና ትከሻውን ትነካዋለች። አልጋ ላይ እንኳ ቦታ ተቀያየሩ፤ ድሮ በግድግዳው በኩል የምትተኛው እሷ ነበረች። ነገሩ አበቃ ብዬ ደመደምኩ። ሲለያዩ ከማን ጋር እንደምሆን አሰብኩበት። እናቴ ጋ ምሳ አለ። አባቴ ጋ ሳጥን አለ። ወደ እናቴ አደላሁ።

ጎልምሼ አንድ ቀን ጠየቅኋት። መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር።

«እማዬ፣ በዚያ ክረምት በምን ነበር የምትጣሉት?»

«መቼ ተጣላን?» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። የአባቴ ግራ ጆሮ ያን ጊዜ ሞቷል። ቀኙም ወፍራሙን ድምፅ እንጂ ቀጭኑን አይሰማም። ስለማይሰማው ይጨምረዋል፤ እሱ ሲጨምር ሰው ጥጥ ይጠይቃል። የባንዱ መሪ ይህን ቢያውቅ የእህቱን ልጅ በማግስቱ ያመጣው ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። በሬው ሁሉን እኩል ያንቀጠቅጣል፤ በሳጥኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ድምፅ እንጨቱ ውስጥ የራሱ ቦታ ነበረው። አባቴ ያንን በጉልበቱና በጉንጩ ይሰማ ነበር። የቀረውን የምትሰማለት እሷ ናት።

«መጀመሪያ የሙዚቃውን ቋንቋ ሊያስተምረኝ ሞከረ፤ አልገባኝም፤» አለችኝ። «እኔ የጨርቁን አስተማርኩት። ገባው።»

ያን ጊዜ ግን ይህን የነገረኝ የለም። የማውቀው፣ በሬው ከሄደ ወዲህ ቤታችን መናጋቱን ነው። መመለስ አለበት። አንድ ቀን አባቴን፣ እንደ ዕድል በቀኙ በኩል ሆኜ፣ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ በሬው መቼ ነው የሚመጣው?»

«የነጎድጓድ ሰርግ ዕዳ አለብን፤» አለ ሳቅ ብሎ። «እስቲ መጀመሪያ እሱን እንክፈል።»

ገባኝ። በሬው መያዣ ነው ማለት ነው። ነጎድጓድ ያገባ ቀን ይለቀቃል። የቀረው ሙሽራ መፈለግ ነው።

ያላገባች ሴት የማውቀው አንዲት ነበረች፤ የክር ሱቋ ባለቤት። ረጅም ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሱቋ የገባ ሁሉ ሳያውቀው በሹክሹክታ ነው የሚገዛው። እናቴ ጥቁር ክር ግዛ ብላ ላከችኝ።

«እትዬ፣» አልኳት፣ «ነጎድጓድን ያገቡታል?»

መቀሷ ቆመ። «ማን ነው የላከህ?»

«እናቴ። ጥቁር ክር።»

«እሱን አይደለም። እሱ ነው በላት ያለህ?»

«ኧረ እሱ አያውቅም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።»

ክሩን ጠቀለለችልኝ። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አንተ ልጅ፣ ያ ሰውዬ በዚህ ባለፈ ቁጥር የልብስ ቁልፎቼ ከመደርደሪያ ይረግፋሉ። አፉን የዘጋ ቀን አገባዋለሁ በለው።»

ቀልድ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ነጎድጓድን ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ በሬውን ሲሰካ አገኘሁት። በሬው አላወቀኝም።

«ጋሼ ነጎድጓድ፣ የክር ሱቋ እትዬ አፍዎን ከዘጉ ያገቡዎታል።»

ሳቀ። ከመንገዱ ማዶ ሰው ዞር አለ። ከዚያ መሳቁን ተወው።

«እውነት እንዲህ አለች?»

«እውነት።»

«ራሷ? በአፏ?»

«መቀስ ይዛ።»

ማይክሮፎኑን አየው። ወደ ክር ሱቁ አየ። ማይክሮፎኑን ኪሱ ከተተና ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

በማግስቱ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሰው ከቤቱ እየወጣ «ምነው? ደህና ነው?» ይባባላል። ነጎድጓድ አፉን በፎጣ ጠቅልሎ በክር ሱቁ ፊት ወዲያ ወዲህ ይላል። እሷ በመስኮት ታየዋለች። አንዴ ፈገግ ብላለች፤ እኔ ምስክር ነኝ። ወደ ምሳ ሰዓት ግን አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ ሮጣ መጣች። ልጇ ጠፍቷል። ነጎድጓድ ሴትየዋን አየ፤ መስኮቱን አየ። ከዚያ ፎጣውን ከአፉ ገፈፈና በሬውን ሰካ።

«ልጅ ጠፋ! ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ! አንድ ጫማ ያለው!»

ልጁ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ተኝቶ ተገኘ። በክር ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ሲረግፍ ግን ከመንገድ ይሰማ ነበር። በሩ ተዘጋ። ተቆጥታ የዘጋችው መስሎኝ ተስፋ ቆረጥኩ። በሩን የዘጋችው ቁልፎቿን ለመልቀም እንደነበር፣ እየለቀመችም ለብቻዋ ስትስቅ እንደነበር የሰማሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

ዝናቡ አባራ። የአዳራሹ ጣሪያ ተጠገነ። አባቴ ጢሙን ተላጨ። ሳጥኑን እሱ ተሸከመ፤ ገመዱን እኔ። እናቴ አንድ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ከኋላ መጣች። ለምን እንደምትመጣ አልገባኝም፤ ሚስት ባሏ ሲፈተን ቤቷ ነው የምትቀመጠው ብዬ አስብ ነበር።

አዳራሹ አዲስ ቆርቆሮና የረጠበ አቧራ ይሸታል። ወንበሮቹ ተደራርበዋል። መሪው ጥሩምባውን ይወለውላል፤ ከበሮ መቺው ያዛጋል። የመሪው የእህት ልጅ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ማስቲካ ያኝካል። ሳጥኑን አየው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ምሳ ዕቃ?»

ከበሮ መቺው ሳቀ። አባቴ አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ፤ ከእሱ ጋር ያን መለየት አይቻልም ነበር። ሳጥኑ እስኪሞቅ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። አንድ ሰው ሳለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይህም ሳያንስ እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ጌታዬ፣» አለችው መሪውን፣ «የባንዱ ጃኬት አርጅቷል። ለአዲሱ ዘመን አንድ ነገር ልሰፋላችሁ አስቤ ነበር። ትከሻዎን ልለካ?»

«አሁን?»

«ትከሻ የሚለካው ሰው ሲዘናጋ ነው። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ።»

መሪው ልብስ ይወዳል። ክንዶቹን ዘረጋ።

አባቴ ጀመረ። እናቴ የመሪውን ትከሻ እየለካች ትንሽ ሰማች። ከዚያ ከቦርሳዋ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ መሪው ደረት ላይ ዘረጋችው፤ ራሷ ግን ወደ አባቴ ዞራለች።

«ናይለን?» አለ መሪው። «ኧረ ናይለን ይቅርብኝ፤ ያልበኛል።»

«እኔም አልወደድኩትም፤» አለች።

አባቴ ማዞሪያውን ነካ። እናቴ ናይለኑን መልሳ ካኪ አወጣች።

«ካኪ! ዘበኛ ልታስመስይኝ ነው እንዴ?»

«ቆይ እንጂ፣ እየፈለግን ነው።»

አባቴ ሌላውን ነካ። አቡጀዲ ወጣ።

«እንዴ! ይሄማ መገነዣ ነው!» አለ መሪው። ከበሮ መቺው ከበሮው ላይ ተደፍቶ ይስቃል።

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አባቴ ቦታውን ሊያጣ ነው፤ የመሪው የእህት ልጅ ማስቲካውን እያጮኸ ተራውን ይጠብቃል፤ እናቴ ጨርቅ ትሸጣለች። በጣቶቼ መሃል ሳይ ግን እጇ ቦርሳው ውስጥ እንደገባ ቆሟል። አባቴ የሚጫወተውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። መስታወት አልነካም። በወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ መጣና፣ ሳይጠሩት ቤት እንደሚገባ ዘመድ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ወፍራም ነው፤ ግን አይከብድም። ቀጭኑም አለ፤ ግን አይቆርጥም።

እናቴ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ አወጣች። የመጋረጃ ትራፊ ነው፤ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል። መሪው ደረት ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከአባቴ ሳትነቅል፣ በቀስታ ወደ ታች ዳበሰችው።

መሪው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ነው፤» አለ። «በቃ፣ ይሄ ነው።»

ስለ ጨርቁ ይሁን ስለ ጊታሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የእህቱ ልጅ ግን ማኘኩን አቆመ። አባቴ ከኪሱ የእናቴን የስፌት ጠመኔ አወጣና ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን ቦታ ምልክት አደረገ።

የአባቴ ቦታ ጸና። እናቴ ግን ተያዘች፤ መሪው ከከፋይ ሌላ አልሰማ አለ። ያንን በጋ ባንዱ በሙሉ በከፋይ ጃኬት ውስጥ እየቀለጠ ተጫወተ። ከበሮ መቺው ሁለት ጊዜ ራሱን ስቷል። ለምን ከፋይ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

በሬውም አልተመለሰ። ነጎድጓድም አላገባ። ከአባቴ ጋር መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር አባቴ «ሙሽራዋስ?» ይለዋል፤ ነጎድጓድ «እየመጣች ነው!» ይላል፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ዓመታቱ በዚህ ዓይነት ሄዱ። የአባቴ ቀኝ ጆሮም ግራውን ተከተለ። ጃኬቱንና ቦታውን በራሱ ፈቃድ መለሰ፤ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሳጥኑን ግን አልተወውም። አልፎ አልፎ አቧራውን ይጠርግና ያበራዋል፤ ብርጭቆዎቹ ሲቀሉ አይቶ ያጠፋዋል።

«ለምን ትደክማለህ?» እለዋለሁ፣ በእጄ ጭምር እያሳየሁ።

«ሰርግ አለብኝ፤» ይላል። ለራሱ የሚናገር እየመሰለው ይጮህ ነበር። ማታ ማታ ለእናቴ፣ «ያ ሰው አግብቶ ሳልጫወትለት እንዳልሞት፤» ሲላት ከእኔ ቤት ድረስ ይሰማል። የፈራው መሞትን አልነበረም። የፈራው ጆሮው ሳይሰማ ሄዶ የተስማማበትን ሰርግ ማበላሸትን ነው።

ከዚያ ነጎድጓድ ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት፤ ድምፁን አላተረፉለትም። ሹክሹክታ ብቻ ቀረው። በሬውን ዕቃ ቤት አስገባ። ሥራ ሲፈታ እግሩ ወደ ክር ሱቅ መራው። የሚናገረውን ለመስማት ባለ ሱቋ በመደርደሪያው ላይ ጎንበስ ማለት ነበረባት። ጎንበስ ማለቱን ለመደችው።

አንድ ከሰዓት ሁለቱ አብረው ቤታችን መጡ። ነጎድጓድ አባቴ ፊት ቆሞ በሹክሹክታ ተናገረ። አባቴ «ምን?» አለ። ነጎድጓድ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ደገመ። «ምን?» አለ አባቴ። እናቴ ግራ ቀኝ አየቻቸውና ሳቋ አመለጣት፤ ያንን የክረምቱን ሳቅ አወቅኩት። በመጨረሻ ነጎድጓድ በአንድ እጁ ሴትየዋን ያዘ፤ በሌላው ሆዱ ላይ ጊታር መታ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። «ተገኘች?!» ሲል የሰፈሩ ውሾች ጮኹ።

የክር ሱቋ ባለቤት ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣» አለችኝ፤ እኔ ያን ጊዜ ልጆች ድሬያለሁ። «አፉን ዘጋ። መልእክትህ ዘግይቶ ደረሰ።»

ሰርጉ በዚያው አዳራሽ ሆነ። ንግግር የሚያደርጉ ስለነበሩ በሬው ከዕቃ ቤት ወጥቶ በር አጠገብ ቆሟል። ሰው ሳያየኝ ተቀመጥኩበት። ያንስ ነበር።

አባቴ ሳጥኑን አበራ። እንግዳው ጠበቀ። አንዱ «አልሠራም እንዴ?» አለ። አባቴ የሰውየውን ከንፈር አየና፣ «ትልቅ ሰው ነው! ጉሮሮውን እየጠረገ ነው!» ብሎ ጮኸበት። የጠመኔው ምልክት ከማዞሪያዎቹ ላይ ጠፍቶ ነበር። ጉልበቱን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ የመጀመሪያውን መታ።

ጆሮ በሳ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ሙሽራዋ መሬት መሬት አየች። አባቴ የሰዉን ፊት አላየም፤ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናቴ ከፊት ረድፍ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከፈተችውና የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ከፍ አደረገች።

አባቴ ማዞሪያውን ነካ። ካኪ። ሌላውን ነካ። አቡጀዲ ወጣ፤ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ከጎኗ ያለው ሰው ምን እንደምትሸጥ ጠየቃት። አልመለሰችለትም።

ከዚያ ያንን ከፋይ አወጣች። ቀለሙ ለቋል፤ ጠርዙ ተበልቷል፤ መሃሉ በመዳበስ ብዛት ተመልጧል። ከፍ አድርጋ ያዘችውና በአውራ ጣቷ ወደ ታች ዳበሰችው።

አባቴ ከመግቢያ እስከ መውጫ ተጫወተ። ልጅቷ ጣቷን አወጣች። ሙሽሮቹ ቀስ ብለው ጨፈሩ። ጭፈራው ሲያልቅ ነጎድጓድ ላቡን እየጠረገ መጣና በአባቴ ግራ በኩል ጎንበስ አለ።

«ዕዳህን ከፍለሃል፤» አለው በሹክሹክታ።

«ምን?» አለ አባቴ።

«ከፍለሃል።»

«ምን?»

ነጎድጓድ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። አባቴም ዞሮ እናቴን አየ። ከፋዩን ገና አላወረደችውም።

አባቴ ሳጥኑን አጠፋው።